ብር፣ ፎቶፖሊመር ወይስ ዳይክሮሜት? በወሎ ሆሎግራም ለሚቀርጽ የልባስ አመራረጥ

ሆሎግራም (በሌዘር ተቀርጾ ዕቃውን ባለ ጥልቀት አድርጎ የሚያሳይ ምስል) ለመሥራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ልባስ ነው ደማቅ ምስል የሚሰጠው?» ብሎ ነው። ልባስ ማለት መስታወት ወይም ፊልም ላይ የተቀባው፣ ብርሃን የሚሰማና ምስሉን የሚይዝ ስስ ሽፋን ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ ላለ አስተማሪ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም ተማሪ መቅደም ያለበት እሱ አይደለም። ያለዎት ሌዘር ቀለሙ ምንድን ነው? ጉልበቱስ? ክፍሉ ስንት ሰከንድ ሳይነቃነቅ ይቆያል? ውሃው እንዴት ነው? የተረፈው ኬሚካል የት ይደፋል? እነዚህ ከተመለሱ ሦስት ልባሶች ፊት ቆሞ የሚያመነታ ሰው አይኖርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው።

እዚህ የምናነጻጽረው በዴኒስዩክ ዘዴ ለሚሠራ ሆሎግራም ነው። ዩሪ ዴኒስዩክ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ዘዴ አንድ ጨረር ብቻ ይፈልጋል፦ የተዘረጋው የሌዘር ብርሃን ፕሌቱን (ልባስ ያለበትን መስታወት) አልፎ ዕቃውን ይመታል፣ ከዕቃው ተመልሶ ከመጪው ብርሃን ጋር ልባሱ ውስጥ ይገናኛል። ሁለቱ ሞገዶች ሲደራረቡ ብሩህና ጨለማ ንጣፎች ይፈጠራሉ። በ633 ናኖሜትር ቀይ ሌዘር፣ ጄላቲን ውስጥ፣ ከአንዱ ብሩህ ንጣፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 211 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 4,700 ንጣፎች ማለት ነው። ተራ የፎቶግራፍ ፊልም ይህን መያዝ አይችልም። ከድሮ ፎቶ ቤት የተረፈ ጥቁርና ነጭ ፊልም ይዞ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ፎቶን ምን ያህል ሥራ ይሠራል?

ልባሶቹን ከሥራቸው የሚለያቸው ማባዛት ነው። በብር ብሮማይድ ቅንጣት ላይ ጥቂት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ሲያርፉ ጥቂት የብር አቶሞች አንድ ቦታ ይጠራቀማሉ። በዓይን አይታዩም። ፕሌቱ ማጠቢያ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ ሲገባ ግን እነዚያ ጥቂት አቶሞች በር ይከፍታሉ፤ ቅንጣቱ በሙሉ ወደ ብር ይለወጣል። ስለዚህ ትንሽ ብርሃን ይበቃዋል።

ፎቶፖሊመር ውስጥ ያለው ማቅለሚያ ብርሃኑን ውጦ ራዲካል (ከሌላው ጋር ቶሎ የሚያያዝ ሞለኪውል) ያስገኛል፤ ራዲካሉ ሞኖመሮችን (ትንንሽ ሞለኪውሎችን) አንዱን ካንዱ እያያዘ ሰንሰለት ይሠራል። ብሩህ ንጣፍ ውስጥ ሞኖመሩ ሲያልቅ ከጨለማው ንጣፍ ሌላ ሞኖመር እየሰረገ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ንጣፎች ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ይለያያል። እዚህም ማባዛት አለ፣ ግን የብሩን አያህልም።

ዳይክሮሜት ያለው ጄላቲን ማባዛት የለውም። ብርሃን በዳይክሮሜቱ ውስጥ ያለውን ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ወደ ሦስት ይቀንሰዋል፤ ሦስት ቫለንስ ያለው ክሮሚየም ደግሞ የጄላቲንን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ቆዳ በክሮም የሚያለፋ ሰው ይህን ኬሚስትሪ በእጁ ያውቀዋል፤ ጄላቲንም ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ኮላጅን ነውና። ልዩነቱ፣ ቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየሙን ተቀንሶ የመጣ አድርጎ ሲያስገባ፣ ሆሎግራም ሠሪው ግን ብርሃን በመታበት ቦታ ብቻ እንዲቀነስ ማድረጉ ነው። የሚውጠው እያንዳንዱ ፎቶን ቢበዛ አንድ እስር ብቻ ስለሚሠራ ብዙ ብርሃን ይጠይቃል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። 5 ሚሊዋት የሆነ ቀይ ሌዘር 100 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ቢዘረጋ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 0.05 ሚሊዋት ይደርሳል። ቅንጣቱ 40 ናኖሜትር የሆነው ፒኤፍጂ-01 የሚባለው የብር ልባስ 0.1 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚፈልግ 2 ሰከንድ ይበቃዋል። ቅንጣቱ ወደ 10 ናኖሜትር የወረደው ፒኤፍጂ-03ኤም 2 ሚሊጁል ገደማ ይፈልጋል፤ 40 ሰከንድ ነው። ምስሉ ያለ ማጠቢያ በራሱ የሚወጣ የፎቶፖሊመር ፊልም 20 ሚሊጁል ገደማ ይወስዳል፤ 400 ሰከንድ፣ ማለትም 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ። ዳይክሮሜቱ ለዚህ ሌዘር ጭራሽ ዕውር ነው፤ ቀይ አያይም። በ488 ናኖሜትር ሰማያዊ ብርሃን 100 ሚሊጁል፣ በ514 አረንጓዴ 250 ሚሊጁል ያህል ይፈልጋል፤ በ532 ደግሞ ከዚያም በላይ።

እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው። ሁልጊዜ አንዱን ፕሌት ለሙከራ ይሠዉ፦ በጥቁር ካርቶን እየሸፈኑ አንዱን ክፍል 10፣ ሌላውን 20፣ ሌላውን 40፣ የመጨረሻውን 80 ሰከንድ ያስመቱ። በዚህ የሚወጣው ወጪ በግምት ከሚበላሹ አምስት ፕሌቶች ያንሳል።

መንገዱና ሰዓቱ

በተቀረጸበት ጊዜ ዕቃው ወይም ፕሌቱ ከብርሃኑ ሞገድ አንድ አሥረኛ፣ 60 ናኖሜትር ያህል፣ ከተንቀሳቀሰ ንጣፎቹ መደብዘዝ ይጀምራሉ። ሩብ ሞገድ ከደረሰ ምስሉ ይጠፋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ከባድ መኪና የማይለየው ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር ባለ ፎቅ ላይ የ7 ደቂቃ ቀረጻ በቀን መሞከር አይመከርም። መኪናው ሲያልፍ የሚሰማዎት ንዝረት ጠረጴዛው ከሚሰማው ጥቂቱ ነው።

ስለዚህ ከመንገድ የራቀ የምድር ቤት፣ ሲሚንቶ ወለል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ። የአሸዋ ሳጥን ወይም ወፍራም የድንጋይ ሰሌዳ በትንሹ በተነፋ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ላይ ያስቀምጡ፤ ላስቲኩ ድንጋይ እስኪሆን ከተነፋ ጥቅሙ ይቀራል። ፕሌቱን ካስገቡ በኋላ ሳይናገሩና ሳይራመዱ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ሌዘሩም ከቀረጻው 20 እስከ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይብራ። መብራት ሄዶ ከተመለሰ ይህን እንደ አዲስ ይቁጠሩት፤ ያልተረጋጋ የዳዮድ ሌዘር ቀለሙን በጥቂቱ ይዘላል፣ ዝላዩም ምስሉን ያጠፋዋል። በባትሪ የሚሠራ ዳዮድ በዚህ ረገድ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ይሻላል።

ዕቃውም ይመረጣል። ሲኒ፣ ሳንቲም፣ ድንጋይ፣ የብረት መስቀል ይይዛሉ። መሶብና ሌላ የስፌት ዕቃ አይያዝም፤ አክርማው በእርጥበት ሳይታይ ይተነፍሳል። ጀበና ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ አዲስ የተገዛ ጀበና ከሆነ ነጭ የማያብለጨልጭ ቀለም ይቀቡት። ዕቃውን በሙቅ ሙጫ ከመሠረቱ ጋር ማጣበቅ ይረዳል፣ ግን ከላሊበላም ሆነ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጥንታዊ መስቀል ላይ ሙጫ ማስነካት ፈጽሞ አይገባም። እንዲህ ያለው ቅርስ በጥጥ ጨርቅ በተሸፈነ ሦስት ነጥብ ላይ ተቀምጦ ይቀረጽ፤ ለእሱም አጭር ጊዜ የሚፈልገው የብር ልባስ ብቻ ነው የሚሆነው።

የብር ልባስ፦ ትንሽ ሌዘር ላለውና ማጠብ ለማይሰለች

የቅንጣቱ መጠን ሁሉን ይወስናል። የብሩ መጠን ሳይቀየር የቅንጣቱ ስፋት በግማሽ ቢቀነስ የቅንጣቱ ቁጥር ስምንት እጥፍ ይሆናል፣ እያንዳንዱ የሚበትነው ብርሃን ግን ወደ አንድ ስድሳ አራተኛ ይወርዳል፤ በድምሩ ጭጋጉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። 40 ናኖሜትር ላለው ልባስ 2 ሰከንድ የሚያጓጓ ቢሆንም በዴኒስዩክ ዘዴ ምስሉ ላይ ሰማያዊ ጭጋግ የሚታየው ለዚህ ነው። ክፍልዎ 40 ሰከንድ ከቻለ ሁልጊዜ ደቃቁን ቅንጣት ይምረጡ። ፒኤፍጂ-01ን ብርሃን አሳልፎ ለሚታይ ሆሎግራም ይተዉት።

ማጠቢያው ከሁሉ በላይ ትኩረት ይፈልጋል። ጄዲ-4 የሚባለውን ቀመር የምንመርጠው ማጠቢያውም ማንጫውም ክሮሚየም ስለሌላቸው ነው። አንደኛው ጠርሙስ በ1 ሊትር ውሃ 4 ግራም ሜቶልና 25 ግራም አስኮርቢክ አሲድ፤ ሁለተኛው በ1 ሊትር ውሃ 70 ግራም ውሃ የሌለው ሶዲየም ካርቦኔትና 15 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይይዛል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሲሟሟ ይግላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ መነፅርና ጓንት ሳያደርጉ አይንኩት፣ ሁልጊዜም እሱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ እሱ አይጨምሩ። ከሁለቱ ጠርሙስ እኩል እኩል የሚደባለቀው ሊታጠብ ሲል ነው፤ ከተደባለቀ በኋላ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ለሚቀጥለው ቀን አይተርፍም።

አስኮርቢክ አሲድ ቫይታሚን ሲ ነው፤ ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ ቀለም እንክብል ግን ስኳርና ማጣፈጫ ስላለበት አይሆንም፣ ንጹሕ ዱቄት ያስፈልጋል። ሶዲየም ካርቦኔት ከጠፋ ቤኪንግ ሶዳ በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ስስ ተደርጎ ቢጋገር ይገኛል፤ 100 ግራሙ ወደ 63 ግራም ሲወርድ ተለውጧል ማለት ነው። ሚዛኑ ካልወረደ ይመልሱት።

ማንጫው በ1 ሊትር ውሃ 35 ግራም ኮፐር ሰልፌት፣ 100 ግራም ፖታሲየም ብሮማይድና 5 ግራም ሶዲየም ባይሰልፌት ነው። ማንጫ ስንል በረኪና ማለታችን አይደለም፤ በረኪና ጄላቲኑን ይበላዋል። የማንጫው ሥራ ጥቁሩን ብር መልሶ ብርሃን ወደሚያሳልፍ ብር ብሮማይድ መለወጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ በ20 ዲግሪ 2 ደቂቃ ማጠቢያ ውስጥ፣ ሳህኑን ቀስ እያደረጉ እያወዛወዙ፤ ፕሌቱ እንደ ጥቁር የፀሐይ መነፅር ይጠቁራል። 3 ደቂቃ በውሃ። ማንጫ ውስጥ ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ፣ ከዚያም 30 ሰከንድ ተጨማሪ። 3 ደቂቃ እና ከዚያ በላይ በውሃ። መጨረሻ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ንጹሕ ውሃ ነክረው አቁመው ያድርቁ። ምስሉ እርጥብ እያለ አይታይም ወይም ቀይ ሆኖ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይወጣል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ተስፋ ቆርጦ ፕሌቱን ይጥላል፤ አይጣሉ።

በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። በ12 ዲግሪ ማጠቢያ ውስጥ 2 ደቂቃ ያለፈ ፕሌት ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ምስሉም ደካማ ይሆናል። የማጠቢያውን ሳህን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በቴርሞሜትር ይለኩ። በተቃራኒው ኮምቦልቻ በሞቃት ከሰዓት ውሃው ከ22 ዲግሪ ካለፈ፣ የፒኤፍጂ-03ኤም ጄላቲን ለስላሳ ስለሆነ ከመስታወቱ እየተሸበሸበ ይነሳል።

ለመበጥበጫ የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ። ካልሲየም ካለበት ከካርቦኔቱ ጋር ተገናኝቶ ነጭ ዝቃጭ ይሆንና ፕሌቱ ላይ ይቀመጣል። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፣ የሚጨመረው ውሃ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፤ በተመሳሳይ ጠርሙስ አሲድም ይሸጣል። ለማለቅለቂያ የቧንቧው ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊቱን በጀሪካን ያጠራቅሙ፣ ከላይ ቀድተው ይጠቀሙ፣ ከታች ያለውን ደለል ይተዉት።

አንድ ልማድ መተው አለበት። ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ጨለማ ክፍል ሲገባ ቀይ መብራት ያበራል። ቀይ ሌዘር የሚሰማው ፕሌት ቀይ መብራት ሥር በደቂቃ ውስጥ ይበላሻል። ለእሱ ደብዛዛ አረንጓዴ ነው የሚሆነው፣ ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። ቀዩ መብራት ለአረንጓዴ ብቻ የሚሰማ ፕሌትና ለዳይክሮሜት ነው። ልባሱ በየትኛው በኩል እንዳለ በጨለማ ለመለየት ጥጉ ላይ ይተንፍሱበት፤ መስታወቱ ጉም ይይዛል፣ ጄላቲኑ አይዝም። ልባሱ ወደ ዕቃው ይዙር።

ቀለሙ በቀይ ተቀርጾ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ስህተት አልሠሩም፤ ልባሱ ሲደርቅ ሳስቷል። 10 በመቶ ቢሳሳ፣ በ650 ናኖሜትር ሌዘር የተቀረጸው ወደ 585 ይወርዳል፣ እሱም ቢጫ ነው። ለመስኮት ግን አይመከርም፤ የነጣው ብር ብሮማይድ በቀጥታ ፀሐይ ወራት ሲቆይ ይጠቁራል።

ፎቶፖሊመር፦ ውሃ ለሌለው ክፍል

ለትምህርት ቤት የምንመርጠው ይህን ነው። ማጠቢያ የለም፣ የሚደፋ ነገር የለም፤ ክፍሉ ግን መጨለም አለበት። ይቀረጻል፣ ጥቂት ደቂቃ በጨለማ ይቆያል፣ ከዚያ የተረፈው ማቅለሚያና ሞኖመር እንዲያልቅ ብርሃን ይሰጠዋል። ባይፎል ኤችኤክስ ዓይነቱ ከ440 እስከ 660 ናኖሜትር ስለሚሰማ ቀይም አረንጓዴም ሰማያዊም ይይዛል። የደጋው ፀሐይ ማቅለሚያውን ለማጥፋት ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ ደካማ ሌዘር ነው። ልባሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የመጀመሪያዎቹን ራዲካሎች ይበላቸዋል፤ ብርሃኑ በጣም ደካማ ከሆነ አዲስ ኦክስጅን እየሰረገ ሰንሰለቱ አይጀመርም። ስለዚህ በአንድ አሥረኛ ብርሃን አሥር እጥፍ ጊዜ ቢሰጡት ያው ውጤት አይመጣም። 5 ሚሊዋት ብቻ ካለዎት ጨረሩን 100 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አይዘርጉ፤ 25 ካሬ ላይ ይሰብስቡት፣ ዕቃውን ሲኒ ሳይሆን ሳንቲም ያድርጉት፤ 400 ሰከንዱ 100 ይሆናል። ፊልሙን መስታወት ላይ በሮለር አየር ሳይገባ ይለጥፉ። ልቅ ፊልም ልክ እንደ መጋረጃ ይነቃነቃል፤ በምስሉ ላይ ጥቁር ሞገድ የመሰለ ጥላ ካዩ ምክንያቱ እሱ ነው።

ዳይክሮሜት ጄላቲን፦ ደማቁና አደገኛው

ከድምቀት አንጻር ተወዳዳሪ የለውም። ቅንጣት ስለሌለው ጭጋግ የለውም፤ በፀሐይ ሥር ሲታይ ዕቃው ከመስታወቱ የወጣ ይመስላል። ግን 100 ሚሊዋትና ከዚያ በላይ የሆነ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሌዘር ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጨረር ከሚያብረቀርቅ ነገር ተንጸባርቆም ዓይን ያጠፋል፤ ለዚያ ቀለም የተሠራ መከላከያ መነፅር ሳይኖር አይበራም። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር የማይታይ ኢንፍራሬድም አብሮ ስለሚለቅ መነፅሩ ያንንም መከልከል አለበት።

አሞኒየም ዳይክሮሜት ካንሰር ያመጣል፤ ዱቄቱን መተንፈስ ከመንካት ይብሳል። በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ፖታሲየም ዳይክሮሜት ሊተካው ይችላል፣ ሆኖም መርዝነቱ ያው ሆኖ ብርሃን የሚሰማው ያነሰ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እጅ ላይ ሁለቱም መግባት የለባቸውም ብለን እናምናለን።

ለሚችል ሰው ቀመሩ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 12 ግራም ጄላቲንና 2.5 ግራም አሞኒየም ዳይክሮሜት ነው። ጄላቲኑ በቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ ይነፋ፣ በ50 ዲግሪ ይሟሟ፣ ዳይክሮሜቱ መጨረሻ ላይ ቀይ መብራት ሥር ይግባ። የተለበጠው መስታወት በጨለማም ቢሆን ቀስ በቀስ ራሱን ስለሚያጠነክር በቀናት ውስጥ መቀረጽ አለበት።

ከቀረጻ በኋላ ማጠንከሪያ ያለው ፊክሰር (የፎቶ ማጽኛ ኬሚካል)፣ 20 እስከ 25 ዲግሪ ውሃ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 50፣ 90 እና 100 በመቶ አይሶፕሮፓኖል፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ፣ ወዲያውም የፀጉር ማድረቂያ። የመጨረሻው አልኮል ውስጥ ውሃ ካለ ምስሉ ወተት ይመስላል። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶው በውሃ ተቀጥኖ ለመጀመሪያው እርከን እንጂ ለመጨረሻው አይሆንም። አልኮሉ ሲተን መስታወቱን ስለሚያቀዘቅዘው ከክፍሉ አየር እርጥበት ይስባል፤ ማድረቂያው ቀድሞ ሞቆ ይጠብቅ። የደበዘዘ ምስል ግን አይጣልም፤ ሙቀቱ ከመጀመሪያው በ5 ዲግሪ በሚበልጥ ውሃ መልሰው ነክረው አልኮሎቹን ይደግሙታል። ይህ ሁለተኛ ዕድል ሌሎቹ ልባሶች የላቸውም።

በሐምሌና በነሐሴ፣ በበልጉ ዝናብም ቀናት፣ ይህን ሥራ ይተዉት። እርጥበት የገባው ዳይክሮሜት ሆሎግራም በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። በበጋ ከተሠራም ያው ነው፤ በዙሪያው 6 ሚሊሜትር ጄላቲን ተፍቆ ሌላ መስታወት በኢፖክሲ ይለጠፍበታል።

ተረፉ ወደ ቦይ አይገባም። በኮምቦልቻ ያሉት ወንዞች ወደ ቦርከና ይወርዳሉ፣ ከታች ደግሞ ሰውና ከብት ይጠብቃቸዋል። ፈሳሹን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 2 እስከ 3 ያድርሱ፣ በአንድ ግራም ዳይክሮሜት 2 ግራም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ከቤት ውጪ ይጨምሩ፤ ብርቱካናማው አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ በኖራ ፒኤች 8 እስከ 9 ሲደርስ አረንጓዴ ዝቃጭ ይወርዳል። ዝቃጩ ተጣርቶ ስሙ በተጻፈበት ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ውሃው ቢጫነት ካለው አልተጠናቀቀምና ይደገም። ይህን ለማድረግ ቦታና ፒኤች ወረቀት የሌለው ሰው ዳይክሮሜት አይግዛ።

ፎቶሬዚስት የሚባለው አራተኛ ልባስም አለ። ሰማያዊ ብርሃን ይፈልጋል፣ ምስሉን የሚይዘው በገጹ ጎርባጣነት ነው፣ ኒኬል ተለብጦበት በብዛት ለሚታተም የካርድ ማኅተም ይጠቅማል። አንድ ዕቃ ቀርጾ ለማሳየት አያስፈልግም።

ከአዲስ አበባ ሲመጣ

ፕሌትም ሆነ ፊልም ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ደብረ ሲናን ወርዶ ከሚሴና ሐርቡ ላይ ያለው የቀን ሙቀት፣ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሲጨመርበት፣ ፎቶፖሊመሩን ሳይቀረጽ ያስጀምረዋል፣ ብሩንም ያጨልመዋል። በወፍራም ፎጣ ተጠቅልሎ ከእግር ሥር ይቀመጥ። ደሴ ሲደርስ ፍሪጅ ውስጥ በታሸገ ላስቲክ እርጥበት ከሚስበው ሲሊካ ጄል ጋር ይግባ፤ ሊሠራበት ሲል ደግሞ ሳይከፈት 2 ሰዓት ውጪ ይቆይ። ቀዝቅዞ ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል፣ ጤዛ የነካው ጄላቲን ላይ የሚቀረው ክብ ነጠብጣብ በምንም አይለቅም።